በዚህ አድራሻ ሰው ካለ

ላንስ በምትባለው ትንሽ ከተማ ውስጥ የይለፍ ቃል የጠፋበት ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ቬርና ላይቲነን ነው። ዳቦ ልትገዛ ብቅ ስትል ሱቅ ውስጥ የሚያስቆማት አይጠፋም። «ቬርና፣ ያ ነገር ዛሬም አላስገባም አለኝ» ይሏታል፤ የትኛው ነገር እንደሆነ አትጠይቅም። አንድ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙሩ ሳያልቅ፣ ከኋላዋ የተቀመጠ ሽማግሌ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ «ትልቁን ፊደል መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ መጨረሻ ላይ ያደረግኩት?» ብሏታል። እሷም ጭንቅላቷን ሳታዞር «ለእኔ አይንገሩኝ» አለችው። የማንንም የይለፍ ቃል አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም። ሰው አጠገቧ ሆኖ ሲጽፍ ፊቷን ወደ መስኮት ትመልሳለች። ልማድ ሆኖባት፣ ሰው ሱቅ ውስጥ ሂሳብ ሲከፍል እንኳ ዞር ትላለች።

ቬርና እዚሁ የሐይቁ ባሕረ ሰላጤ ዳር ተወልዳ እዚሁ አርጅታለች። አባቷ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠራ ነበር። እሷ ትምህርቷን ስትጨርስ የመንገድ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች። ጽሕፈት ቤቱ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር የገዛ ጊዜ የሚነካው ጠፍቶ አቧራ ሲጠጣ ሰነበተ፤ ቬርና በምሳ ሰዓቷ እየተቀመጠች መመሪያውን አንብባ ጨረሰችው። በዚያው ገባችበት። ባሏን ኤይኖንም ያገኘችው እዚያው ነው። ከመንገድ ላይ በረዶ የሚጠርገውን ትልቁን መኪና ይነዳ ነበር። ቤት ውስጥ «ደህና ዋልሽ» ለማለት እንኳ የሚሰስት፣ ዝም ባይ ሰው ነበር፤ ዝምታው ግን አያስከፋም። ጡረታ ሲወጡ እሱ ወደ ሐይቁ ሄደ፣ እሷ ወደ ፎቁ ክፍል ወጣች።

ባሕረ ሰላጤው በብርዱ ወራት ሲረጋ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ትንንሽ ጎጆውን እየጎተተ በረዶው ላይ ይሰፍራል። በረዶ ግን እንደ መሬት አይታመንም። ትናንት መኪና የተሸከመ ቦታ ዛሬ ሰው ላይሸከም ይችላል። ስለዚህ የአጥማጆች ማኅበሩ አባላት በየጠዋቱ በረዶውን ሰርስረው ውፍረቱን ይለኩና ቬርና በሠራችላቸው ድረ ገጽ ላይ ይጽፋሉ፤ ሌላው ከቤቱ ሳይወጣ አይቶ ይወስናል። መጻፍ የሚችለው የተመዘገበ አባል ብቻ ነው፤ እንግዳ ሰው ገብቶ የማይሆን ቁጥር ቢጽፍ ሰው ውኃ ውስጥ ይገባል። የዚያ ደጅ ጠባቂ ቬርና ናት።

መግቢያውን የሠራች ጊዜ ኤይኖ ከጎኗ ተቀምጦ ፓስቲውን፣ ሥጋና ድንች የተሞላበትን ቂጣ፣ እየበላ ያይ ነበር። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው አድራሻውን ጽፎ ሲጫን ገጹ «በዚህ አድራሻ ሰው ካለ መልእክት ልከንለታል» ይላል።

«‹ካለ› ምንድን ነው?» አለ ኤይኖ። «መኖሩን አታውቂም እንዴ?»

«እኔማ አውቃለሁ። ለጠያቂው ግን አልነግርም። ሌባ እየመጣ የሰው አድራሻ እየሞከረ፣ ማን አባል እንደሆነ ማን እንዳልሆነ እንዲለይ አልፈልግም። ላለውም ለሌለውም መልሱ አንድ ነው።»

«ያ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረው ክብስ?»

«ላለ ሰው መልእክቱን እስኪልክ ትንሽ ይቆያል። ለሌለ ሰው ወዲያው ከመለሰ ያስታውቃል። ስለዚህ ለሌለውም እኩል እንዲቆይ አድርጌዋለሁ።»

ኤይኖ ማኘኩን አቆመ። «ለሌለ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?»

«ይጠብቃል።»

«ጅል ነው» አለና መብላቱን ቀጠለ።

በዚያ ሥራ ውስጥ ቬርና አንድ ነገር እያወቀች አጥፍታለች። አንድ ሰው አንዴ ከገባ በኋላ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ መልሶ የይለፍ ቃል ሊጠየቅ ይገባ ነበር። ኤይኖ ግን አሻፈረኝ አለ። «በረዶ ላይ ጓንቴን አውልቄ ፊደል አልለቅምም። ጣቴ እዚያው ነው የሚቀረው» አላት። እውነቱን ነበር። እሷም አንዴ የገባ ስልክ ወይም ታብሌት ዕድሜ ልኩን እንደገባ እንዲቀር አደረገችው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቢያይባት የምታፍርበት ነገር ነው። ግን ያየባት አልነበረም።

ኤይኖ በረዶ ላይ ይዞት የሚወጣ ታብሌት ነበረው። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ባዶ እጁን ተመለሰ።

«የታለ?» አለችው።

«ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ትራውቱ ይዞት ሄደ።»

«ጥሩ ነው» አለች ተናዳ። «ድረ ገጹ ውስጥ እንደገባ ነው ያለው። ዓሣው ራሱ ይጽፍልሃል።»

ከዚያ በኋላ በስልኩ መጠቀም ጀመረ። ታብሌቱን ከመዝገቡ ማውጣት ነበረባት፤ ግን ሐይቅ ወለል ላይ ላለ ዕቃ ማን ይቸኩላል? ተወችው።

ኤይኖ ያለፈው ኤፕሪል፣ በረዶው በተሰባበረ ሰሞን ሞተ። ከውጭ ገብቶ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ አንዱን ቦቲ አወለቀ። ሌላውን አላወለቀም። ቬርና ወጥ ቤት ሆና የመጀመሪያው ቦቲ ወለሉን ሲመታ ሰምታለች፤ ሁለተኛውን ስትጠብቅ ጊዜው ረዘመባት።

በጋውን ሁሉ ድረ ገጹ ላይ የጻፈውን እያነበበች አሳለፈች። አባላቱ ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ሁለት ቃል የሚጨምሩበት ቦታ አለ፤ ብዙው ሰው ባዶ ይተወዋል። በኤይኖ ስም ግን ሁልጊዜ የሆነ ነገር አለ። «ዘጠኝ ኢንች። ቁራ ምሳዬን ሰረቀኝ።» «ሰባት ኢንች። ነፋሱ የሚስት ወገን ይመስል አይሄድም።» «አሥራ አንድ ኢንች። ዛሬ በረዶው ይዘፍናል።» ይሄን የመጨረሻውን ደጋግማ ታነበው ነበር። ያን ያህል ዓመት አብራው ስትኖር፣ አፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አላወቀችም። ቤት ያልተናገረውን እዚያ ሲናገር የከረመ መሰላት፤ ትንሽ ቅር አላት፣ የበለጠ ግን ደስ አላት።

ሴፕቴምበር አልፎ ቅጠሉ ሲረግፍ ሥራ አገኘች። አሮጌው መግቢያ ጊዜው አልፎበት ነበር። የይለፍ ቃል እንዳለ አይቀመጥም፤ ማንም እንዳያነበው ተፈጭቶ ነው የሚቀመጠው። የድሮው አፈጫጨት ዛሬ የሚበረታበት ሌባ አለ። የተፈጨውን ደግሞ ወደ ነበረበት መመለስ አይቻልም፤ ቬርናም አትችልም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ አባል በኢሜይሉ ሊንክ ተልኮለት አዲስ ቃል ማውጣት አለበት። እስከ ዲሴምበር የመጨረሻው እሁድ ድረስ ያላወጣ ሰው አካውንቱ ይጠፋል፤ ስሙም ከጻፈው ሁሉ ላይ ተነሥቶ በቦታው «የቀድሞ አባል» የሚል ይገባል። ማኅበሩ የወሰነው እንደዚያ ነው።

በመዝገቡ ውስጥ የመጀመሪያው አካውንት የኤይኖ ነው። ገና ስትሠራው የሞከረችው በእሱ ነበርና። ቀኑ ሲደርስ ከሌሎቹ ጋር ራሱ ይጠፋል። በእጇ ማጥፋት ስላላስፈለጋት ይህ ይሻላል ብላ ነበር።

ዲሴምበር ሲገባ አዲሱን መግቢያ ከፈተች። የሁሉም ስልክና ታብሌት ከበር ውጭ ቀረ። ለሳምንት ያህል ስልኳ አላረፈም። «አስወጣሽኝ እኮ!» ይላታል አንዱ። «ምን በደልኩሽ?» ይላል ሌላው። ከዚያ በኋላ ባሕረ ሰላጤው ረጋ፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ቀጥሎም ወንዙ ወደ ባሕረ ሰላጤው እስከሚገባበት፣ እስከ ወንዙ አፍ። ጎጆዎቹ ወጡ።

በረዶው ሰው በተሸከመ በመጀመሪያው ጠዋት አንድ ሰው የኤይኖን የይለፍ ቃል ለመቀየር ጠየቀ።

ቬርና ከቁርስ በኋላ የሰርቨሩን መዝገብ ስታይ ነው ያገኘችው። ፀሐይ ሳትወጣ፣ በኤይኖ አድራሻ። አንድ ሰው ተሳስቶ ይሆናል ብላ አለፈችው። በማግስቱም ነበር። በሦስተኛው ቀን ጥያቄው ከየትኛው ዕቃ እንደመጣ ለማየት ዝርዝሩን ከፈተች። ዕቃው የድሮውን መግቢያ ምልክት ይዞ ነበር የመጣው፤ አዲሱ መግቢያ አልቀበልም ብሎ መልሶታል፤ የማን እንደነበር ግን ጽፎ አስቀምጧል። ስሙን ያወጣችለት ራሷ ናት። «የኤይኖ ታብሌት» ይላል።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ስሙን እንደገና አነበበችው።

ቬርና በሙታን መንፈስ የምታምን ሴት አይደለችም። ሰርቨሩን ግን የሠራችው እሷ ናት፤ እንደማይዋሽ ታውቃለች።

ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ጊዜ ይጠይቃል። ሁለተኛ አይደግምም። ሌባ ቢሆን ደጋግሞ ይሞክራል፤ ይሄ ግን አንዴ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ ይሄዳል። ቬርና ከመንጋቱ በፊት መንቃት ጀመረች። ቁልቁል ወደ ባሕረ ሰላጤው በሚያየው መስኮት በኩል የጎጆዎቹ ፋኖሶች እዚህም እዚያም ይታያሉ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ከዚያ ርቀት አይለይም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ክሌይተን ሩኦና ደወለ። የጀልባ ሞተር ነጋዴ ነው፤ ስልክ ላይም ሞተር ተነሥቶ እንዳለ ይጮኻል።

«ቬርና! ስንት ሰው ቀረን?»

«ጥቂት ነው። የበዙት ብርዱን ሸሽተው ፍሎሪዳ ናቸው። ሌሎቹ ሞተዋል።»

«የሞቱት እንኳ አይቸኩሉም፤» አለ። «ይቅርታ። አፌ እኮ...»

«አፍህን አውቀዋለሁ፣ ክሌይተን።»

ከዚያ ነገረችው። ታብሌቱ ሐይቅ ውስጥ መግባቱን አልነገረችውም፤ ሰው እየጠየቀ መሆኑን ብቻ ነገረችው።

«ሌባ ነው። ዛሬውኑ አጥፊው።»

«እሁድ ራሱ ይጠፋል።»

«እስከ እሁድ? ገብቶ በኤይኖ ስም ወንዙ አፍ ላይ አሥር ኢንች ነው ብሎ ቢጽፍስ? አንቺ ሴትዮ፣ የኤይኖን ስም ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እኮ ነው የሚሄደው! ዘንድሮ ወንዙ አፍ ላይ የሚለካ ሰው የለንም፤ ሰዉ ሁሉ እየጠየቀኝ ነው። ኤይኖ ራሱ ቢኖር ምን ይል ነበር?»

«‹ጅል ነው› ይል ነበር።»

«ማንን?»

«አንተን።»

ክሌይተን ሳቀ። «እስከ እሁድ እሺ» አለና ዘጋ። ያለው ግን እውነት ነበር፤ ስልኩን ካስቀመጠች በኋላም አልተዋትም። ወንዙ አፍ ላይ ያለው በረዶ ከሥሩ ውኃ ስለሚሄድ ክፉ ነው። ያን ቦታ ሲለካ የኖረው ኤይኖ ነበር፤ ከሱ ጋር በአንድ ጎጆ የሚያጠምደው ሽማግሌው ኡርሆ ፔልቶ ደግሞ አባል አይደለም። ቬርና ይመዝገቡ ብላ ስንቴ ለምናዋለች። «በረዶ ለመለካት ለኔ ጣቴ ይበቃኛል» ነበር መልሱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመሳቢያ ውስጥ የኤይኖን ስልክ አወጣች። ከቀብሩ ወዲህ አልነካችውም። መክፈቻ ቁጥሩን አታውቀውም፤ ሲነካካው ፊቷን ወደ መስኮት ታዞር ነበርና። ቻርጀር ላይ ሰክታ ድንች ልትልጥ ሄደች። መስመሩ ተቆርጧል፤ የቤቱን ኢንተርኔት ግን አልረሳም። ጥቂት ቆይቶ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም ይላል ስትል ይቀጥላል። ቢላዋውን አስቀምጣ ሄደች። ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት በላይ በላዩ ተደርድሯል። «ሰላም ኤይኖ። የይለፍ ቃልህን ለመቀየር ጠይቀሃል...» ከዚያ በታች ያለው አይታይም። ማየትም አላስፈለጋትም፤ የጻፈችው ራሷ ናት። «ጠያቂው አንተ ካልሆንክ ይህን መልእክት እርሳው» ይላል።

ድንቹን ሳትጨርስ ወደ ፎቁ ወጣች።

በሙያ ዘመኗ ሙሉ ያልጣሰችው ሕግ ነበር፤ ገጹ ለማንም ሰው ስለ ሌላው መኖር አለመኖር አይናገርም። አሁን ለአንድ ዕቃ ብቻ፣ ለዚያ ታብሌት፣ ሌላ መልስ እንዲሰጥ ልትጽፍለት ተቀመጠች። መጀመሪያ «ማን ነህ?» ብላ ጻፈች። ማንም ሌባ ለዚህ አይመልስም። ደመሰሰችው። እጇ ፊደሎቹ ላይ እንዳለ ቆየ። ለሰው ሁሉ «አረፈ» ስትል፣ «ተለየን» ስትል ነበር የከረመችው። አሁን የምትጽፈውን ቃል አፏ አንድም ቀን አላወጣውም ነበር።

«ኤይኖ የለም። ኤፕሪል ላይ ሞቷል። አንተ ማን ነህ?»

የጻፈችውን ሳትሞክር አታወጣም። ስለዚህ ሞከረችው፤ በራሷ ስክሪን ላይ በትልቁ ወጣና አነበበችው። ከዚያ ለቀቀችው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ገና ጨለማ ሳለ ስልኩን አጠገቧ አስቀምጣ ጠበቀች። ተንቀጠቀጠ። መስኮቱ ጋ ሄዳ ወደ በረዶው አየች። ፋኖሶቹ እንዳሉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ከሁሉም ርቆ ወደ ወንዙ አፍ ያለው፣ ጠፋ። ወይም የጠፋ መሰላት።

ፀሐይ ወጥታ ትንሽ እንደቆየ በሩ ተንኳኳ። ኡርሆ ፔልቶ ነበር። ቅንድቡ ላይ በረዶ ተጋግሯል፣ ብብቱ ሥር በሱፍ ኮፍያ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ይግቡ፣ ኡርሆ። ቦቲዎን ይተዉት፣ አያውልቁ።»

«ሰው ቤት በቦቲ ገብቼ አላውቅም፣ አንቺ ልጅ» አለና አግዳሚዋ ላይ ተቀመጠ። አንዱን አወለቀ። ቬርና ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛው ቦቲ ወለሉን ሲመታ ነው ቡና ልትቀዳ የሄደችው።

ኒሱ የተባለውን ጣፋጭ ዳቦ ቆርጣ ቡናውን አቀረበችለት። እሱ ኮፍያውን ፈትቶ ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱ ጠርዙ ተሰንጥቆ በቴፕ ታስሯል።

«ዓሣው መለሰው» አለ።

ቬርና ታብሌቱን አየችው። አልነካችውም።

«እሱ ነው የሰጠኝ» አለ ኡርሆ። «‹ቬርና እንዳትሰማ፤ እሷ ዘንድ አንድ ሰው አንድ አካውንት ነው› አለኝ። ‹ለምን አትመዘገብም?› ቢለኝ ኢሜይል የለኝ፣ ምኑን ልመዝገብ? ‹እንግዲያው በኔ ግባ፤ አንድ ጎጆ፣ አንድ መሰርሰሪያ አለን፤ አንድ ስም ይበቃናል› አለ። ዘንድሮ ስወጣ አላስገባም አለኝ። አድራሻው ተጽፏል፣ የይለፍ ቃል ይለኛል። እኔ የይለፍ ቃል ጽፌ አላውቅም። ‹ረሳኸው ወይ?› የምትለውን ተጫንኩ።»

«ታዲያ ለምን አልመጡም? ስልክ አለኝ፣ በር አለኝ።»

«መጥቼ ምን ልበል? ‹ቬርና፣ ባልሽን መሆን ከለከለኝ› ልበልሽ?»

ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት።

«ደግሞ» አለ ኡርሆ፣ ዳቦውን ቡናው ውስጥ እየነከረ፣ «የምታወጣው መልስ ጥሩ ነበረች። ‹በዚህ አድራሻ ሰው ካለ› ትላለች።»

«የሬሳ ሳጥኑን ተሸክመዋል እኮ፣ ኡርሆ።»

«ተሸክሜአለሁ። ከባድ ነበር። እሱ ሌላ ነው። ጎጆው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ‹ካለ› ትለኛለች። የለም አላለችኝም። እንግዲያው ነገም እጠይቃለሁ እላለሁ። ዛሬ ግን የለም አለችኝ።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«አውቃለሁ። የኮምፒውተር አነጋገር አይደለም።»

ቬርና ቡናዋን አማሰለች፤ ስኳር አልጨመረችበትም ነበር።

«በይ ተነሺ» አለ ኡርሆ ድንገት። «ወንዙ አፍ ሦስት ኢንች ነው። ላዩን አዲስ በረዶ ስለሸፈነው ደህና ይመስላል። ሲነጋ እሁድ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ከነልጆቹ እዚያ ላይ እናየዋለን። እስካሁን ያየሁትን ሰው ሁሉ በአፌ እየጮኽኩ እመልስ ነበር፤ ድምፄ ግን ሩቅ አይሄድም። ያን ልጽፍ ነበር ሳንኳኳ የከረምኩት።»

ከዚያ በኋላ ቬርና አልተቀመጠችም። ፎቅ አውጥታው ወንበሯን ሰጠችው። ኢሜይል ስለሌለው የራሷን አድራሻ አስገባችለት።

«ቢረሱት ሊንኩ ወደኔ ነው የሚመጣው። ያኔ ይምጡ።»

«እንግዲህ መርሳቴ ነው» አለ።

«አሁን የይለፍ ቃል ያውጡ። ለእኔ አይንገሩኝ።» ፊቷን ወደ መስኮት መለሰች። ከኋላዋ አንድ ጣት ፊደል ፍለጋ ሲዞር ሰማች። ጠቅ አለ። ቆየና ጠቅ። ሁለቴ ደግሞ ጠቅ ጠቅ። ቆመ።

«አጭር ነው ይለኛል። ስንት ይፈልጋል?»

«ቢያንስ አሥር።»

«እንዲህ ረጅም ስም ያለው ሰው አላውቅም።»

በረዶው ላይ ፀሐይዋ ነጭ ሆና ተቀምጣለች።

«ሁለት ስም ይቻላል?» አለ ኡርሆ።

«ይቻላል።»

ጣቱ እንደገና መዞር ጀመረ።

ሲገባ፣ ከምንም በፊት ያን ቁጥር ጻፈ። ቬርና ታች ወርዳ ለክሌይተን ደውላ ነግራው ስትመለስ የጻፈው ነገር ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ነበር። «ወንዙ አፍ፣ ሦስት ኢንች። ማንም እንዳይመጣ። እኔን የተሸከመኝ አጥንት ብቻ ስለቀረሁ ነው።»

ቬርና አንድ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ደግማ አነበበችው። ይህን ሰው ታውቀዋለች። በጋውን ሁሉ አብሯት ነበር።

«ኡርሆ» አለች። «ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ቃላት ማን ነበር የሚጽፋቸው?»

«እኔ ነኛ። ኤይኖ ለክቶ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። እሱ መች መጻፍ ይወዳል?» ቀና ሲል ፊቷን አየ። አየና የያዘውን ኮፍያ አዟዟረው። «አንዳንዱን እሱ ይለዋል። ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«የትኛውን?»

«ምኑን አስታውሼ፣ ልጄ? ሁለት ሰው አንድ ጎጆ ውስጥ ሲከርም ማን ምን እንዳለ ማን ይይዛል?»

«‹ዛሬ በረዶው ይዘፍናል› የሚለውንስ?»

ኡርሆ ወዲያው አልመለሰም። ትንሽ ቆየ።

«እሱ ነው» አለ። «እሱ ነው ያለው።»

ቬርና ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

እሁድ ጠዋት ወንዙ አፍ ላይ ማንም አልወጣም። ኡርሆ ሌሊቱን የተለወጠ ነገር እንደሌለ ጻፈ፤ ከጎኑም «ቁራው አለ» የሚል ጨመረ። ቬርና ያለፉትን ዓመታት ጽሑፍ ወደ ስምዎ ላዛውርልዎት ወይ ብላ ደውላ ነበር። «ቁጥሩ የሱ ነው፣ ቃሉ የሁለታችን ነው። እንዲሁ ይቅር» አላት።

የኤይኖ አካውንት ማታ ራሱ እስኪጠፋ አልጠበቀችም። ከሰዓት በኋላ ፎቅ ወጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ ለታብሌቱ ብቻ የጻፈችውን መልስ አነሣች፤ ገጹ ወደ ድሮው ተመለሰ። ከዚያ የመጀመሪያውን አካውንት በእጇ አጠፋችው። ርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ይህንም ጥያቄ የጻፈችው እሷ ናት። አዎ አለችው። በረዶው የዘፈነበት ቀን አጠገብ «የቀድሞ አባል» የሚል ገባ።

የሠራችውን ሳትሞክር አትነሣም። ከመግቢያው ውጭ ሆና፣ እንደማንኛውም ሰው፣ የኤይኖን አድራሻ ጻፈችና ተጫነች። ያ ነገር ይሽከረከር ጀመር። ከዚህ በፊት ይቆይ የነበረውን ያህል ቆየ፤ አላነሰም፣ አልበዛም። ከዚያ መለሰላት። «በዚህ አድራሻ ሰው ካለ መልእክት ልከንለታል።»

ስልኩ ከጎኗ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው። ከታች የፈላው ድንች ክዳኑን ሲያንኳኳ ይሰማል። ስልኩ አልተንቀጠቀጠም።